የቤተ መጻሕፍትና የበይነ መረብ የጥናት ምንጮች ስያሜ በአማርኛ

በኮሌጆችና በዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተምሩ መምህራን ለትምህርትና ለምርምር የሚያስፈልጓቸውን ጽሑፎች ዛሬ በብዛት የሚያገኙት ከመደርደሪያ ሳይሆን ከበይነ መረብ ነው። ከዚህ የተነሣ ቀድሞ «የሚከተሉት መጻሕፍት ገብተዋል» ይል የነበረው የቤተ መጻሕፍት ማስታወቂያ፣ አሁን የመረጃ ቋትን፣ የይለፍ ቃልን፣ ክፍት ተደራሽነትን፣ የርቀት አገልግሎትን የሚጠቅስ ሆኗል። ማስታወቂያው በአማርኛ ሲጻፍ ቃላቱ ምንን እንደሚወክሉ በወጉ ያልተወሰነ በመሆኑ፣ አንባቢው በእጁ ያለውን ምንጭ ሳይጠቀምበት የሚቀርበት ጊዜ አለ። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህን የስያሜ ጉዳይ ነው፤ ዓላማችንም ለቋንቋ አጥኚዎችና ለተርጓሚዎች ነገሩን ማብራራትና በአንዳንድ ቃላት ላይ አቋማችንን መግለጽ ነው።

ጉዳዩ ከወረቀት ያለፈ መሆኑን ለመረዳት ከአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን ገላን ኮንዶሚኒየምን መመልከት ይበቃል። በዚያ ከሚኖሩት ቤተሰቦች መካከል በየኮሌጁ የሚያስተምሩ ብዙ ናቸው። ከገላን ተነሥቶ ስድስት ኪሎ ወደሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ቤተ መጻሕፍት ወይም ወደ ኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ለመድረስ ከተማዋን ከደቡብ ወደ ሰሜን ማቋረጥ ግድ ይላል። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም ቃሊቲ ላይ ያበቃል። ስለዚህ ለገላን መምህር ቤተ መጻሕፍቱ በአብዛኛው ማታ ማታ በስልኩ ወይም በኮምፒውተሩ የሚከፍተው ገጽ ነው፤ ገጹ ላይ የሰፈረውን ቃል በትክክል ካልተረዳው የሚጠይቀው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ በአጠገቡ የለም።

«ኮንዶሚኒየም» የሚለው ቃል ራሱ ለስያሜ ሥራ የሚያስተምረው ነገር አለ። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጉሙ የጋራ ባለቤትነት ነው። ሕግ አውጪው በአዋጅ ቁጥር 370/1995 «የጋራ ሕንፃ» የሚል ግልጽና ንጹሕ አማርኛ ሰጥቶት ነበር። ይሁን እንጂ ዕጣ የወጣለት ሰው «ኮንዶሚኒየም ደረሰኝ» አለ እንጂ «የጋራ ሕንፃ ደረሰኝ» አላለም። ሕጋዊው ስያሜ በውልና በደብዳቤ ሲቀር፣ ባዕዱ ቃል ቤቱን፣ ሰፈሩንና ፌርማታውን ሁሉ ወረሰ። ቃል የሚጸናው በአዋጅ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

በሌላ በኩል በአማርኛ ከግእዝ ተቀምረው በሚገባ የጸኑ ቃላት አሉ። «በይነ መረብ» ከነዚህ አንዱ ነው፤ «በይነ» በግእዝ «መካከል» ማለት ሲሆን «መረብ» ደግሞ ሁሉ የሚያውቀው የዓሣ አጥማጁ መሣሪያ ነው። «ድረ ገጽ»ም እንዲሁ የተሳካ ነው። ድር ሸማኔው ማግ የሚያሳልፍበት ፈትል፣ ሸረሪትም የምትሠራው መረብ ስለሆነ፣ ቃሉ ለአንባቢው ከልጅነቱ የሚያውቀውን ሥዕል ያመጣለታል። በ1989 ዓ.ም. ታትሞ የወጣው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ሲዘጋጅ እነዚህ ነገሮች በአገራችን ገና አልተለመዱም ነበር፤ የኢንተርኔት አገልግሎት በኢትዮጵያ የተጀመረው መዝገበ ቃላቱ በታተመበት በዚያው ዓመት አጋማሽ ነውና። በመሆኑም የዚህ መስክ ቃላት በኮሚቴ ሳይመከርባቸው በጋዜጠኛውና በተርጓሚው እጅ የተወለዱ ናቸው። መወለዳቸው መልካም ነው፤ ችግሩ አንዱ ቃል ለብዙ ነገር፣ ብዙ ቃልም ለአንድ ነገር መዋሉ ነው።

የቤተ መጻሕፍት ቃላት እንዲህ ያለ ዕጣ ሲገጥማቸው ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ስሙ «ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር» ነበር። ሕዝቡ ግን ፊቱን ቆርጦ ጥሎ «ወመዘክር» አለው፤ በግእዝ «ወ» አያያዥ ስለሆነች ስሙ በቀጥታ ሲተረጎም «እና መዘክር» ማለት ይሆናል። በአያያዥ የሚጀምር የመሥሪያ ቤት ስም በሰዋስው ፊት ቆሞ ሊከራከር አይችልም፤ ሆኖም እስከ ዛሬ ለታክሲ ነጂው «ወመዘክር» ማለት ይበቃል። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የተከፈተው ቤተ መጻሕፍት «አብርሆት» ሲባል ደግሞ ስያሜው ከመጀመሪያው አጭርና አንድ ቃል ስለነበረ ማንም አልቆረጠውም። የስያሜ አውጪዎች ይህን ልዩነት ልብ ሊሉት ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንግባ። አንድ በጤና ኮሌጅ የሚያስተምር ጎረቤታችን በአንድ ሰንበት ቡና ላይ ያቀረበልን ጥያቄ ነገሩን በአጭሩ ያስቀምጠዋል። «ዶክተር፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ» አለን፤ «‹ጽሑፉን ከመረጃ ቋቱ ያግኙ› ተብለን ታዘናል። አንደኛው ቋት መጽሐፉ ስድስት ኪሎ እንዳለ ይነግረኛል፣ ሁለተኛው ክፈል ይለኛል፣ ሦስተኛው ዝም ብሎ ይሰጠኛል። ሦስቱም ቋት ከተባሉ የትኛው ነው የታዘዝኩት?» ጥያቄው ትክክለኛ ነው። በእንግሊዝኛ ሦስት የተለያየ ስም ያላቸው ነገሮች በአማርኛ «የመረጃ ቋት» በሚለው አንድ ስም ተጠቃለዋል።

የመጀመሪያው ካታሎግ ነው። ካታሎግ መጽሐፉን አይሰጥም፤ መጽሐፉ መኖሩንና የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ ብቻ ይናገራል። ድሮ በትንንሽ መሳቢያ የሚቀመጥ የካርድ ዝርዝር ነበር፤ አሁን በኮምፒውተር ቢሆንም ሥራው አልተለወጠም። «ካታሎግ» የሚለውን ቃል ተማሪው ሁሉ ስለሚያውቀው እንዳለ ቢቀመጥ አንቃወምም፤ አማርኛ የሚሻ ጸሐፊ «ዝርዝረ መጻሕፍት» ቢል ይገባል። «ማውጫ» የሚለው ግን በየመጽሐፉ መጀመሪያ ለሚገኘው የርእሶች ዝርዝር የተያዘ ስለሆነ ለዚህ መዋል የለበትም።

ሁለተኛው በብዙ መጽሔቶች የወጡ ጽሑፎችን መረጃ፣ አንዳንዴም ሙሉ ጽሑፉን ሰብስቦ በርእስ፣ በጸሐፊና በቁልፍ ቃል የሚያስፈልግ ስብስብ ነው። «የመረጃ ቋት» የሚለው ስያሜ ለዚህ ብቻ ተወስኖ ቢቀር ተገቢ ነው እንላለን። ቋት በወፍጮ ቤት የምናውቀው ሰፊ መያዣ ነው፤ የተፈጨው ዱቄት የሚጠራቀምበት በመሆኑ፣ ከየመጽሔቱ የመጣ መረጃ ለሚከማችበት ነገር ምሳሌነቱ ያምራል።

ሦስተኛው አንድ ተቋም የራሱን ሰዎች ሥራዎች፣ የመመረቂያ ጽሑፎችን፣ የምርምር ዘገባዎችንና የጥናት መረጃዎችን በቋሚነት የሚያስቀምጥበት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎችን በኤሌክትሮኒክ መልክ የሚያኖርበት ስብስብ ከዚህ ወገን ነው። በአገር ደረጃም የኢትዮጵያ ብሔራዊ የአካዳሚክ ዲጂታል ማከማቻ፣ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ «ናድሬ» የሚባለው፣ በትምህርትና ምርምር መረብ ሥር ተቋቁሟል። በ2019 እ.ኤ.አ. በዚያን ጊዜ የነበረው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ባወጣው ፖሊሲ፣ በመንግሥት ገንዘብ የተሠሩ ጥናቶች ውጤት በዚህ ማከማቻ ተቀምጦ ለሁሉ ክፍት እንዲሆን ታዟል። ትእዛዙ ለመምህሩ የተጻፈ ነውና መምህሩ «አስቀምጥ» የተባለበትን ቦታ ስም ማወቅ ይኖርበታል።

ለዚህ ሦስተኛ ነገር እኛ «ማኅደር» የሚለውን ቃል እንመርጣለን። ማኅደር በግእዝ «ኀደረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን ማደሪያ ማለት ነው፤ በአብያተ ክርስቲያናት ደግሞ የብራና መጽሐፍ የሚቀመጥበት የቆዳ ከረጢት ስም ነው። ካታሎግ ስለ መጽሐፉ ይናገራል፤ በማኅደር ውስጥ ግን መጽሐፉ ራሱ ያድራል። «ማኅደረ ጥናት» ቢባል ትርጉሙ ሳይደበዝዝ ይገባል። ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ እንደሚችሉ እናውቃለን። አንደኛው በመሥሪያ ቤቶች «የግል ማኅደር» ሲባል የሠራተኛው ፋይል ማለት መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው የኮምፒውተር ተርጓሚዎች «ማኅደረ ትውስታ» የሚለውን ለማሽኑ ማስታወሻ ክፍል መስጠታቸው ነው። ሁለቱም ግን ቃሉ «የሚያስቀምጥና የሚጠብቅ» ከሚለው ሐሳብ እንዳልወጣ ያሳያሉ እንጂ አያፋልሱትም። «ማከማቻ» የሚለው አሁን ያለው ስያሜ ስሕተት ባይኖርበትም፣ የመጋዘን ስሜት ስላለው ለጥናት ሥራ ክብር ያንሰዋል። ይህ የእኛ ስሜት እንጂ የሰዋስው ፍርድ አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ ብዙ ግራ መጋባት የሚያመጣው «ነጻ» የሚለው ቃል ነው። በአማርኛ «በነጻ» ማለት ያለ ክፍያ ማለት ነው፤ «ነጻ» ደግሞ ያልታሰረ፣ ያልተገደበ ማለት ነው። የጥናት ምንጮች ግን እነዚህን ሁለት ነገሮች ይለያያሉ። «ሪሰርች ፎር ላይፍ» በሚባለው ጥላ ሥር የተሰበሰቡት አገልግሎቶች፣ ማለትም የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው «ሂናሪ»፣ የምግብና እርሻ ድርጅት በ2003 እ.ኤ.አ. ያስከተለው «አጎራ»ና ሌሎቹ፣ ለኢትዮጵያ ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። ሆኖም ክፍት አይደሉም፤ ኮሌጁ ተመዝግቦ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል መቀበል አለበት። በተቃራኒው በ2002 እ.ኤ.አ. ቡዳፔስት ላይ ከወጣው መግለጫ ወዲህ ክፍት ተደራሽነት ሲባል ማንም ሰው ሳይከፍልና ሳይመዘገብ የሚያነበው፣ ምንጩን ጠቅሶም የሚያባዛው ጽሑፍ ማለት ነው። «ነጻ የጤና መጽሔቶች ገብተዋል» የሚል ማስታወቂያ ያነበበ መምህር ገጹን በቤቱ ከፍቶ «የይለፍ ቃል አስገባ» ሲባል፣ አገልግሎቱ የተቋረጠ መስሎት ይተወዋል። ማስታወቂያው «ለኮሌጃችን ያለ ክፍያ የተፈቀዱ» ቢል ኖሮ ሰውየው የይለፍ ቃሉን ይጠይቅ ነበር።

«ክፍት ተደራሽነት» የሚለው ቅንብር ከባድ ቢሆንም በሰነዶች ውስጥ ስለገባ ለሕግና ለፖሊሲ ጽሑፍ ይቆይ። ለማስታወቂያና ለመመሪያ ግን «ለሁሉ ክፍት» የሚለውን እናቀርባለን። «መጽሔት» የሚለውም ቃል እግረ መንገዱን ሊነሣ ይገባዋል፤ በግእዝ መስተዋት ማለት ሲሆን በእኛ ዘመን የየወሩ መዝናኛ ኅትመትም፣ በባለሙያ ተመርምሮ የሚወጣ የጥናት ኅትመትም ስም ሆኗል። ለመምህር የደረጃ ዕድገት የሚቆጠረው ሁለተኛው ብቻ ነው። ስለዚህ «የጥናት መጽሔት» ብሎ መለየት ይሻላል፤ «ጆርናል» የሚለውም በመምህራን ዘንድ የተለመደ ነው። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአፍሪካ የሚታተሙ የጥናት መጽሔቶችን በአንድ ገጽ የሚያቀርበው፣ መቀመጫው ደቡብ አፍሪካ የሆነው የአፍሪካ ጆርናሎች ገጽ የኛንም አገር ኅትመቶች ይዟል።

በመመሪያዎች ውስጥ የሚገኙት ግሦችም ያስቸግራሉ። «መጫን» የሚለውን ብቻ እንውሰድ። አህያ ይጫናል፤ የኮምፒውተር ቁልፍ ይጫናል፤ ፕሮግራም ይጫናል፤ ጽሑፍም ወደ ገጹ ይጫናል። «ፋይሉን ጫን» የሚል ትእዛዝ ከነዚህ ቢያንስ ሦስቱን ሊሆን ይችላል። ተጠቃሚው ሕዝብ መፍትሔውን ከኛ ቀድሞ አግኝቶታል፤ ፎቶግራፍ ከስልኩ ወደ መረቡ ሲያስገባ «ሰቀልኩት»፣ ከመረቡ ወደ ስልኩ ሲያመጣ «አወረድኩት» ይላል። መስቀልና ማውረድ ጥንድ ተቃራኒዎች ስለሆኑ ከዚህ የተሻለ አናገኝም። «መጫን» ለፕሮግራም ብቻ ይቅር፤ ለቁልፉ «መንካት» ይበቃዋል። «አድራሻ»ም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያሻዋል። አንዳንድ አሳታሚዎች ተጠቃሚውን የሚያውቁት በግቢው ኮምፒውተሮች የመረብ አድራሻ ነውና ከግቢ ውጭ ያለ መምህር «አድራሻዎ አልተፈቀደም» የሚል መልስ ያገኛል። ይህን ያነበበ የገላን ነዋሪ የብሎክና የቤት ቁጥሩን አርሞ ቢያስገባ ልንስቅበት አይገባም፤ «የኮምፒውተሩ የመረብ ቁጥር» ተብሎ አልተነገረውምና።

እስካሁን ያነሣነው የቃል ምርጫን ነው። ከዚህ የከበደው ግን የፊደል ጉዳይ ነው፤ ስያሜው ቢስተካከልም ጽሑፉ በፍለጋ ካልተገኘ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ሦስተኛ ዕትም ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ተሰጠው። በዚህም ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ለማሽኑ ፈጽመው የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። «ሥነ ጽሑፍ» የሚለውን ቃል እንመልከት። የመጀመሪያው ሆሄ በሁለት፣ «ጽ» በሁለት፣ «ሑ» ደግሞ በሦስት መንገድ ይጻፋል፤ ይህ 12 አጻጻፍ ይሰጣል። ቃሉ ተለያይቶ፣ በጭረት ተያይዞ ወይም ገጥሞ ስለሚጻፍ 12 በ3 ሲባዛ 36 ይሆናል። ሆሄ ለሆሄ ብቻ የሚያመሳስል መፈለጊያ ከ36ቱ አንዱን ሲያገኝ 35ቱን ያልፋል። መምህሩም «በዚህ ርእስ በአማርኛ የተጻፈ ነገር የለም» ብሎ በቅን ልቡና በጥናቱ መግቢያ ላይ ይጽፋል።

ከዚህ በመነሣት «ሞክሼ ሆሄያትን እናስወግድ» የሚለው የቆየ ክርክር እንደገና ሊነሣ ይችላል። እኛ በዚህ አንስማማም። ምክንያታችንን ከራሱ ከቤተ መጻሕፍት ቃላት እናመጣለን። በጥናት ራስ ላይ የሚወጣው አጭር መግለጫ «አኅጽሮተ ጥናት» ይባላል፤ «ኀጸረ» በግእዝ አጠረ፣ አጭር ሆነ ማለት ነውና። «ሐጸረ» ግን በአጥር ከለለ ማለት ነው። አማርኛ ሁለቱን በአንድ «አጠረ» ቀላቅሏቸዋል፤ ልዩነታቸውን ጠብቆ ያቆየልን ፊደሉ ነው። የኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት (1948 ዓ.ም.) እና የደስታ ተክለ ወልድ የአማርኛ መዝገበ ቃላት (1962 ዓ.ም.) ሥርወ ቃልን ተከትለው የተሠሩት በዚህ እውቀት ነው። እንግዲህ ጸሐፊው እንደ ሥርወ ቃሉ ይጻፍ፤ በፍለጋ ጊዜ ግን ማሽኑ ሞክሼዎቹን እንደ አንድ ይቁጠራቸው። ይህ ለፕሮግራም ሠሪው አስቸጋሪ ሥራ አይደለም፤ የሆሄያቱን የመመሳሰል ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ግን የቋንቋ ባለሙያው ድርሻ ነው፤ የትኞቹ ሆሄያት በየትኛው እርከን እንደሚተካኩ፣ ለምሳሌ ሀና ሃ፣ አና ኣ አንድ ድምፅ ሲሆኑ በሌሎቹ እርከኖች ይህ እንደማይሠራ፣ ፕሮግራም ሠሪው ከኛ ካልሰማ ከማን ይሰማል?

የሰው ስም ደግሞ የራሱ መከራ አለው። በአገራችን የሰው ስም የራሱ ስም ነው፤ ተከትሎ የሚመጣው የአባቱ ስም እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም። የኢትዮጵያ ቤተ መጻሕፍት ካታሎጎች ደራሲውን በራሱ ስም ያስገባሉ፤ ሀዲስ ዓለማየሁ የሚፈለገው በ«ሀ» ነው። የውጭ የመረጃ ቋቶች ግን ብዙውን ጊዜ ኋለኛውን ወደ ፊት አምጥተው «ዓለማየሁ፣ ሀ.» ይላሉ። በዚህ አሠራር አባታቸው ዓለማየሁ የሚባሉ የማይተዋወቁ ሰዎች ሁሉ ወንድማማች ይመስላሉ። በላቲን ፊደል ሲጻፍም አንዱ ስም በሦስትና በአራት ዓይነት ስለሚሰፍር፣ የአንድ መምህር ሥራዎች ለሦስት ሰው ይከፋፈላሉ። በ2012 እ.ኤ.አ. የተጀመረው «ኦርኪድ» የተባለው ባለ 16 አኃዝ የተመራማሪ መለያ ቁጥር ይህን ለማቃለል ይረዳል፤ ቁጥሩን ማውጣት አይከፈልበትም። ያም ሆኖ ተርጓሚዎች በቅጾች ላይ የሚገኘውን የእንግሊዝኛ ቃል «የቤተሰብ ስም» ብለው መመለሳቸውን ቢተዉ መልካም ነው፤ «የአባት ስም» እና «የአያት ስም» እያሉ ይለዩት።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። ከላይ የጠቀስነው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት 1962 ዓ.ም. ተብሎ የታተመ በመሆኑ፣ ይህን ቁጥር እንዳለ የወሰደ ካታሎግ መጽሐፉን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያስረጀዋል፤ የለወጠው ካታሎግ ደግሞ 1970 ይለዋል፤ ፈላጊው ሁለት ዕትም ያለ መስሎት የሌለውን ሲፈልግ ይውላል። ካታሎግ ሠራተኛው «1962 ዓ.ም. (1969/70 እ.ኤ.አ.)» ብሎ ሁለቱንም በአንድ መስመር ቢያሰፍር፣ የገላኑም መምህር፣ በውጭ አገር ያለውም አጥኚ ያንኑ አንድ መጽሐፍ ያገኛሉ።